ግንባር ላይ የተለጠፈ ብር የማን ነው? (ትንንሽ ትርኢት የምታዘጋጁ ግቡ)

ደረጃ_ወራጅ
ዓርብ፣ ከሰዓት 8፡10

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት። ግን ነገሩ እንዲገባችሁ ትንሽ ልለፍልፍ።

በወር አንዴ፣ ሐሙስ ማታ፣ ገርጂ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሥር ትርኢት አዘጋጃለሁ። ቦታው ድሮ ፑል ቤት ነበር። «አንደርግራውንድ ሾው ነው አሉ የምትሠራው» ሲሉኝ አዎ እላለሁ። 19 ደረጃ ተወርዶ ነው የሚገባው፤ ከዚህ በላይ አንደርግራውንድ ከየት ይመጣል? ፖስተር የለንም። 300 ሰው የማይሞላ የቴሌግራም ቻናል አለን። ሐሙስ ጠዋት ሰዓቱ ይለጠፋል፣ በቃ።

ስሙን «በያይነቱ» ብለነዋል። አቀራረቡም እንደዚያው ነው፤ ከሁሉም ትንሽ ትንሽ። አንድ ጃግሊንግ የሚሠራ ልጅ፣ አንድ ቀልደኛ፣ አንድ በካርታ ጉድ የሚያሳይ ልጅ፣ አንዲት ገጣሚ፣ መጨረሻ ላይ አዝማሪ። እኔ መድረክ እመራለሁ። በየመሃሉ ደግሞ ቃል ሳልተነፍስ በእጅና በፊት ብቻ ጭውውት እሠራለሁ። በጠቅላላው ስድስት ነን።

ለምን ሐሙስ ትሉ ይሆናል። ይቺን ለማወቅ ስምንት ወር ፈጅቶብናል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው። ሰው ጥብስ ካላዘዘ ከላይ ያለው ቤት አይሸጥም፤ ካልሸጠ ደግሞ ለእኛ ፊት አይሰጥም። ቅዳሜ አዝማሪው ሠርግ አለበት። ጥር ላይማ ቢለምኑትም አይገኝ። እሑድ ሰው «ነገ ሥራ አለኝ» ብሎ በጊዜ ይገባል። ሰኞ ደግሞ ሰኞ ነው።

የትርኢቱ ቀን ጠዋት ስልክ ነው። «ትመጣለህ አይደል?» «ትመጪያለሽ አይደል?» ስል አረፍዳለሁ። 8 ሰዓት ላይ ሳውንድ የሚያከራየን ልጅ ይመጣል። ስፒከሩን ለሁለት ይዘን 19ኙን ደረጃ እናወርዳለን። ሰው «አርቲስት ነህ አሉ» ሲለኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ወገቤ ነው። 10 ሰዓት ላይ ወንበር እንደረድራለን። የራሳችን 30 አለ፣ ቀሪውን ከላይ እንዋሳለን። ላይ ቤት እንግዳ ከበዛ ታዲያ አስተናጋጁ ወርዶ «ይቅርታ» እያለ ወንበሩን ያስመልሳል። ቀልዴን አይደለም። አንድ ጊዜ ግጥም እየተነበበ ሁለት ሰው አስነስቷል።

ቻናሉ ላይ 12፡30 ይላል። የሚጀመረው 1፡15 ነው። በ12፡30 የሚመጡ አራት ሰዎች አሉ፤ ሁሌም እነዚያው አራት። እወዳቸዋለሁ።

ከሁሉ የሚከብደኝ ቅደም ተከተሉ ነው። ጃግሊንጉ ይቀድማል። ሰው እየዘገየ ሲገባ፣ ወንበር ሲጎትት እንኳ ዓይን የሚይዝ ነገር ነው። ከዚያ ቀልድ። የካርታው ልጅ ደግሞ በየጠረጴዛው ይዞራል። እሱን «አስማተኛ» ብዬ አላስተዋውቅም። አንድ ቀን ብዬ ፊት ለፊት የተቀመጡ እናት አማትበው ወጡ። አሁን «የእጅ ፍጥነት» ነው የምለው፣ ሁሉም ሰላም ነው። ከዚያ እረፍት፤ ከእረፍት በኋላ ግጥም፤ መዝጊያው አዝማሪ። አዝማሪውን አንድ ጊዜ መሃል ላይ አስገብቼው ነበር። ከእሱ ቀጥሎ የወጣውን ቀልደኛ እግዜር ይሁነው።

አሁን ወደ ብሩ። ትናንት 43 ሰው ከፍሎ ገባ። በ200 ብር ሲሆን 8,600። ዘጠኝ ሰው ደግሞ «የእንትና ዘመድ ነኝ» ብሎ ገባ። ሳውንድ 2,500፣ በር ላይ ለቆመው ልጅ 300፣ መጓጓዣ 600። የተረፈው 5,200 ለስድስት ሲካፈል 866 ብር ነው።

አዝማሪው ግን ግንባሩ ላይ የተለጠፈለትና በቴሌብር የተላከለት ሲደመር 6,350 ብር አገኘ። (አንዱ ብሩን ልኮ ሲያበቃ የስልኩን ስክሪን ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ቤቱ በሳቅ ሞተ።) ሒሳብ ስንሠራ እሱም እንደ ሁላችን 866ቱን ተቀበለ። ማጉረምረሙ የተጀመረው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ሽልማት የማን ነው? ወደ ጋራ ይግባ? ወይስ የተሸለመ ሰው ከመግቢያው አይካፈል? አዝማሪውን ማጣት አልፈልግም። ካዛንቺስ ሲፈርስ የሚሠራበት ቤት አብሮ ፈርሶ ነው ወደ እኛ የመጣው። ሌሎቹንም ማስቀየም አልፈልግም።

ቁጥር_አይዋሽም
ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡02

እሱ የወሰደው 7,216 ነው። እናንተ 866። ስምንት እጥፍ! ሁሉም ወደ አንድ ቋት ቢገባ 11,550 ይሆናል፣ ለስድስት 1,925 ይደርሳችኋል። ሰውየው ለአዝማሪው የሸለመው 1፡15 ላይ አይደለም። ሁለት ሰዓት ስቆ፣ ተዝናንቶ፣ ሦስት ጃምቦ ጠጥቶ ነው ኪሱ የላላው። ኪሱን ያላሉለት እነማን ናቸው? እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ወደ ጋራ ይግባ።

ዘጠኙን ዘመዶች ደግሞ አስከፍላቸው ወንድሜ። 1,800 ብር ነው በር ላይ የፈሰሰው።

መሐል_ሰፋሪ
ዓርብ፣ ከሰዓት 9፡40

ከላይ ያለው ወንድሜ አዝማሪ ቤት ገብቶ የሚያውቅ አይመስለኝም። በብዙዎቹ አዝማሪ ቤቶች ደሞዝ የሚባል ነገር የለም። ሰውየው የሚኖረው በሽልማት ነው። ለዚያ ነው ከገባህበት ደቂቃ ጀምሮ ስምህን፣ ሥራህን፣ የለበስከውን ጫማ ሳይቀር አይቶ የሚገጥምልህ። «ተቀበል!» ብለህ የወረወርክለትን ስንኝ ከአፍህ ነጥቆ፣ ዜማ አልብሶ ይመልስልሃል። ለዚያች ቅጽበት ነው የከፈልከው። ለጃግሊንጉ ያልሸለምከው ጃግሊንጉ ስምህን ስላልጠራ ነው።

ግንባር የግል ንብረት ነው። አለቀ።

ሦስት_ኳስ
ዓርብ፣ ማታ 1፡25

ያ ያጉረመረመው ሰው እኔ ነኝ። ሰው ስለ እኔ እያወራ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ከልጅነቴ ጀምሮ ሰርከስ ውስጥ ነው ያደግኩት። አምስት ኳስ እሠራለሁ። በዚያ ቤት ግን ሦስት ነው የምሠራው፤ ለምን? ጣሪያው 2 ሜትር ከ60 ነው። አምስት ኳስ ከፍታ ይፈልጋል። ተንበርክኬ ሞክሬዋለሁ፣ ተቀምጬም ሞክሬዋለሁ። ተንበርክኬ ስሠራ ከኋላ ያሉት አያዩኝም። ተቀምጬ ስሠራ አንዱ ኳስ አምፖሉን ነክቶ የአንዲት ልጅ ድራፍት ውስጥ ገባ። ሰው አጨበጨበ፣ የሥራው አካል መስሎት። ድራፍቱን ግን እኔ ነኝ የከፈልኩት።

እና ጋሻዬ፣ እኔ ሰው ገንዘብ ይስጠኝ አላልኩም። እሱ 6 ሺህ ይዞ ከእኔ እኩል 866 ሲቀበል ሆዴ አንድ ነገር አለ። አዎ፣ ቅናት ነው። ቅናትም ሆኖ ግን ሒሳብ አለው።

ደረጃ_ወራጅ
ዓርብ፣ ማታ 1፡31

አንተ ልጅ እዚህም አለህ? 😂 የድራፍቱን ብር ለምን አልነገርከኝም? ከመግቢያው ይቀነስ ነበር እኮ።

የቀበሌው_ኪነት
ቅዳሜ፣ ጠዋት 2፡15

ልጆች፣ እንደምን አደራችሁ። እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ልጄ ነው ይህን ከፍቶ ያሳየኝ። ብዙ ሳቅሁ።

በ1970ዎቹ የቀበሌ ኪነት ውስጥ ነበርኩ። ያን ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር። መጀመሪያ ከበሮ መቺ ነበርኩ። ኋላ ጭውውት ላይ አድኃሪ ሆኜ እንድሠራ ተመደብኩ፤ ፊቱ ለአድኃሪ ይሄዳል ተብሎ። ክፍያ የለም። ሻይ በዳቦ ነው፣ እሱም በበዓል።

ከዚያ አንድ ሆቴል ውስጥ ከባንድ ጋር መድረክ መምራት ጀመርኩ። ሰዓት እላፊ ነበር። ሰዓቱ ሲደርስ በሩ ይቆለፋል። ውስጥ የቀረ ሰው እስኪነጋ መውጣት የለም። እናንተ «ሰው ዘግይቶ ይመጣል፣ በጊዜ ይሄዳል» ትላላችሁ። እኛ ዘንድ ታዳሚው እስረኛችን ነበር። እኛም የእሱ እስረኞች ነበርን። ሌሊቱን ሙሉ መሥራት አለብህ። ያለህ ቀልድ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ያልቃል። ከዚያ ያንኑ ቀልድ በሌላ ሰው ድምፅ ትነግራለህ። እሱም ሲያልቅ ከታዳሚው ሰው እየጠራን እናዘፍን ነበር። አንድ ጠና ያሉ ሰውዬ ነበሩ፣ ሁሌም 9 ሰዓት ላይ ፉከራ ያሰማሉ። የተኛው ሁሉ በርግጎ ይነሳል። ዛሬ ብትሆኑ እሳቸውን ነው የምትቀጥሩት።

ይሄ በያይነቱ የምትሉት ነገር ደግሞ ዛሬ የመጣ እንዳይመስላችሁ። ሀገር ፍቅር በ1927 ሲቋቋም ጣሊያን ሊመጣ ነው፤ ሕዝቡን ለመቀስቀስ ዲስኩሩም ዘፈኑም በአንድ ላይ ይቀርብ ነበር።

የሽልማቱን ነገር ጠይቃችኋል። በእኛ ቤት ዘፋኙ የተሸለመው ለራሱ ነበር። ማንም አይነካበትም። ግን ሲነጋ፣ በሩ ሲከፈት፣ የተሸለመው ሰው ለሁሉም ቁርስ ይጋብዛል። ፉል በዳቦ። ሕግ አልነበረም። ካልጋበዝክ ግን በሚቀጥለው ሌሊት ከበሮ መቺው ሆነ ብሎ ያፈጥንብሃል፤ ትንፋሽህ እስኪቆረጥ ትዘፍናታለህ። እኔ ራሴ ለአንዱ አፍጥኜበታለሁ። አሁን ድረስ አይጸጽተኝም።

ደረጃ_ወራጅ
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡00

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። እርስዎ አንድ ሐሙስ መጥተው መድረክ ቢመሩልን እኔ በር ላይ እቆማለሁ። ደረጃውን ደግፈን እናወርድዎታለን።

የቀበሌው_ኪነት
ቅዳሜ፣ ጠዋት 3፡20

መውረዱስ ቀላል ነው ልጄ። መውጣቱ ነው።

ሽቦ_ቀጣይ
ቅዳሜ፣ ከሰዓት 7፡45

ከብሩ ውጪ አንድ ነገር ልበል። እኔ ሳውንድ ነው ሥራዬ። አንድ ጊዜ እናንተ ቤት መጥቼ ነበር። ማሲንቆው ሲጀምር ስፒከሩ ጮኸ፣ ሰው ሁሉ ጆሮውን ያዘ። የአዝማሪው ጥፋት አልነበረም።

ስፒከሮቹን ከመድረኩ ኋላ፣ ግድግዳው ጋ ነው የምታስቀምጡት። ማይኩ የራሱን ድምፅ መልሶ እየሰማ ነው የሚጮኸው። ወደ ፊት አምጡት፤ ከማይኩ አልፎ ሕዝቡ ጋ ይቁም። ዝቅ ባለ ጣሪያ ይሄ ግዴታ ነው። ማሲንቆው ላይ ማይኩን አታስጠጉ። ከቆዳው አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ። ሹር ኤስ ኤም 58 ካላችሁ ይበቃል፣ ሌላ ነገር አትግዙ። ዝቅተኛውን ድምፅ ከሚክሰሩ ላይ ቀንሱለት፤ ማሲንቆ እዚያ ታች ምንም የለውም፤ እዚያ ያለው የፍሪጁ ጉርምርምታ ነው።

ሌላው እርጥበቱ። 50 ሰው መስኮት በሌለው ቤት ውስጥ ሲተነፍስ የማሲንቆው ቆዳ ይላላል፣ የፈረስ ፀጉሩም ይላላል። ድምፁ ይወርዳል። አዝማሪው በየዘፈኑ መሃል የሚያጠብቀው ወዶ አይደለም። እረፍት ላይ ከላይ፣ ደረቅ ቦታ ያስቀምጠው። ሊወጣ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ይውረድ።

ኤክስቴንሽን ላይ ኤክስቴንሽን መሰካቱንም ተዉት። ስፒከሩን፣ መብራቱንና የፖፕኮርን ማሽኑን በአንድ ሶኬት አየሁ። ደነገጥኩ።

ዝም_ያለች_ተመልካች
ቅዳሜ፣ ማታ 2፡05

ከአራቱ አንዷ ነኝ። 12፡30 ላይ የምመጣው።

ስለ ብሩ ሁሉም ተናገረ። ስለ እኛ ማንም አላነሳም። ትርኢቱ የሚያልቀው 4 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ከገርጂ ወደ ሳሪስ ታክሲ የለም። ራይድ ስጠራ ከመግቢያው በላይ እከፍላለሁ። ሁለት ጓደኞቼ በዚህ ምክንያት ቀርተዋል። ሴቶች ለምን አይመጡም ብለህ መድረክ ላይ ጠይቀህ ነበር፣ መልሱ ይሄው።

መጸዳጃ ቤቱ ከላይ ነው፤ በጥብሱ ቤት መሃል ማለፍ ነው። አንድ አምፖል እንኳ ደረጃው ላይ አድርጉ።

እና አንድ ጥያቄ። ይህን ሁሉ ሰው አማክረሃል። አዝማሪውን ጠይቀኸዋል?

ደረጃ_ወራጅ
ቅዳሜ፣ ማታ 3፡10

እህቴ፣ አፈርኩ። እውነትሽን ነው። ከሚቀጥለው ጀምሮ 3 ሰዓት ተኩል ላይ ያልቃል። በጊዜ ተጀምሮ፣ የመጣውን ሰው ይዞ። የዘገየው ይቅርበት። አምፖሉን ነገ ራሴ እገዛለሁ።

ሽቦ ቀጣይ ወንድሜ፣ የፖፕኮርን ማሽኑ የላይ ቤቱ ነው፤ ግን ሶኬቱን እለያለሁ።

ገና_ጀማሪ
እሑድ፣ ከሰዓት 10፡30

ሰላም ብሮ። ስታንድአፕ ኮሜዲ መሥራት እፈልጋለሁ። ቲክቶክ ላይ እሠራለሁ፣ መድረክ ግን ወጥቼ አላውቅም። 20 ደቂቃ ትሰጠኛለህ?

ደረጃ_ወራጅ
እሑድ፣ ማታ 12፡50

20 ደቂቃ? እኔም ለራሴ 20 ደቂቃ ሰጥቼ አላውቅም። አምስት እሰጥሃለሁ።

አምስት ደቂቃ ትንሽ እንዳይመስልህ። ቲክቶክ ላይ ሰው ካልሳቀ አታየውም። እዚህ ያልሳቀው ሰው ከአፍንጫህ ሁለት ሜትር ላይ ቁጭ ብሎ ቆሎ ይቆረጥማል። ቆሎው ይሰማሃል።

ነገሮች አሉ። 8 ሰዓት መጥተህ ስፒከር ታወርዳለህ። የብሔር ቀልድ የለም፤ የአነጋገር ዘዬ እያስመሰሉ ማሳቅም የለም። አንድ ጊዜ ፈቅጄ፣ ሁለት ጠረጴዛ ተነስቶ ሊደባደብ ነበር። የሳቀውም ያልሳቀውም ያው ተቀያየመ። ስለ ሚኒባስ ረዳት የሚሠራ ቀልድም ቢቀር ደስ ይለኛል፤ ሕግ ሳይሆን ልመና ነው። ባለፈው ዓመት አሥራ አንድ ሰው ሠርቶታል።

ስለ እናትህ ሥራ። ስለ እናት የሚሠራ ቀልድ ወድቆ አላየሁም።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ
ሰኞ፣ ሌሊት 8፡40

ከሜሪላንድ ነው የምጽፈው፣ ሰዓቱ ለዚያ ነው። እኛም ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ምግብ ቤት ኋላ ክፍል ውስጥ በሁለት ወር አንዴ እናዘጋጃለን። ሰኞ ማታ ነው የምንሠራው። ምክንያቱም የእኛ ሰው ቅዳሜና እሑድ ሥራ ላይ ነው፤ ኡበር ይነዳል፣ ምግብ ቤት ይሠራል፣ ሆስፒታል ይገባል። እናንተ በጾም፣ እኛ በሺፍት ቀን እንመርጣለን።

የሽልማቱ ጣጣ ባሕር ተሻግሮ ይከተላል። እዚህ ደግሞ አንድ አንድ ዶላር ነው የሚበተነው። ሰው ከባንክ ዘርዝሮ ይመጣል። ከትርኢቱ በኋላ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ የሚለቅመው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እኔ፣ አዘጋጇ። በአንድ ወቅት ለሙዚቀኛው «ከመግቢያው አትካፈል፣ ሽልማቱን ውሰድ» ብለን ተስማማን። በረዶ የጣለ ቀን 11 ሰው መጣ። ሽልማቱ 14 ዶላር። ሰውየው ከቨርጂኒያ ነድቶ ነው የመጣው። እኔ ነኝ ከኪሴ የሞላሁት።

ስለዚህ ለሁሉም ከመግቢያው ትንሽ የተቆረጠ ይኑር። ሰው ቢመጣም ባይመጣም። ከዚያ በላይ ያለው ላይ ተከራከሩ።

ቁጥር_አይዋሽም
ሰኞ፣ ጠዋት 3፡15

11 ሰው መጥቶ የተቆረጠ ክፍያ ከተከፈለ አዘጋጁ ይከስራል እኮ።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ማታ
ማክሰኞ፣ ሌሊት 7፡55

አዎ። አዘጋጅ ማለት እሱ ነው ወንድሜ።

መሐል_ሰፋሪ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 6፡30

አንድ ሐሳብ። በር ላይ ቅርጫት አስቀምጡ። «ለሁሉም አርቲስት» ብላችሁ ጻፉበት። አዝማሪውን መሸለም የፈለገ ግንባሩ ላይ፣ ሌላውን መሸለም የፈለገ ቅርጫቱ ውስጥ። ማንም አይነካካም።

ደረጃ_ወራጅ
ረቡዕ፣ ከሰዓት 7፡05

ይቺን ወደድኳት። እናቴ ቤት አንድ የአለላ ቅርጫት አለ። ከሑዳዴ በፊት አንድ ሐሙስ ቀርቶናል። እሞክራታለሁ።

ደረጃ_ወራጅ
ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ፣ ጠዋት 4፡00

እሺ፣ ትናንት የሆነውን ልንገራችሁ።

በ12፡45 ጀመርን። በቦታው 17 ሰው ነበር። ሦስት ኳስ ለ17 ሰው ሠራ። ሌላው ሰው 1፡15 ላይ ሲመጣ ጃግሊንጉ አልቋል፣ ቀልዱ እያለቀ ነው። «እንዴት ሳንመጣ?» ብለው ተቆጡ። የሚቀጥለው በጊዜ ይመጣሉ መሰለኝ። ወይ ይቀራሉ። ጀማሪው ልጅ አምስት ደቂቃውን በሦስት ደቂቃ ጨረሰ፤ ሲፈራ ነው፣ ፍጥነቱ። ስለ እናቱ የሠራት ግን ያዘች። ስፒከሩን ወደ ፊት አመጣነው፣ አልጮኸም። ሽቦ ቀጣይ፣ ኑርልኝ።

ቅርጫቱን በር ላይ ማስቀመጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ብልጥ ነኝ ብዬ፣ አዝማሪው ሊወጣ ሲል መድረክ ላይ ይዤው ወጣሁ። «ወገኖቼ፣ ዛሬ ሽልማታችሁ ለሁላችን እንዲሆን ቅርጫት አዘጋጅተናል» አልኩ። ለካ አነጋገሬ ግንባር ላይ መለጠፍ ቀርቷል የሚል ይመስላል። እኔ እንደዚያ ማለቴ አልነበረም። እሱ ከጎኔ ቆሞ ማሲንቆውን እየቃኘ ነበር። ቀና ብሎ አየኝ። ምንም አላለም። ቅኝቱን ጨረሰ፣ አንዴ ገዘገዘውና፦

«በሬ የሌለው ሁሉ ቢላዋውን ስሎ፣
ቅርጫ እንግባ አለኝ ቅርጫት አንጠልጥሎ።»

ቤቱ ለአፍታ ዝም አለ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰውዬ ገብቶት «ኧረ ተው!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ ሁሉም ገባቸው። እኔ መሃል መድረክ ላይ ቅርጫት ይዤ ቆሜያለሁ። ቃል ሳልተነፍስ መሥራት ሙያዬ ነው አላልኳችሁም? ቅርጫቱን ጭንቅላቴ ላይ ደፋሁትና ወረድኩ። በሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ የተሳቀልኝ ቀን የለም።

ሰው እየተሽቀዳደመ ሸለመው። ሳቃቸው ያላለቀ ጥቂቶች ደግሞ ሲወጡ ቅርጫቱ ውስጥ ጣሉልን፤ 1,140 ብር።

ሲያልቅ ሁላችንም አንድ ራይድ ውስጥ ተጨናንቀን ስንሄድ ይቅርታ ጠየቅኩት። «እኔ እኮ» አለ፣ «ከመግቢያው የምትሰጡኝን ለምን እንደምትሰጡኝ ገርሞኝ ነው የምቀበለው። አዝማሪ ቤት ሰጥቶኝ የሚያውቅ የለም። የእናንተ ቤት ልማድ ነው ብዬ ነው። ብትጠይቁኝ እኮ እተው ነበር።» ከዚያ ወደ መስኮቱ ዞሮ «ሰው ፊት ከመጠየቅህ በፊት» አለ።

አንድ ወር ሙሉ እዚህ ስንከራከር የጠየቀው የለም። ዝም ያለች ተመልካች፣ አንቺ ብቻ ነበርሽ ያልሽው። እኔም አንብቤ፣ ስለ አምፖሉ መልሼልሽ አለፍኩ።

ሦስት_ኳስ
ዓርብ፣ ጠዋት 4፡25

እሱ ያልነገራችሁን ልጨምር። መገናኛ ስንደርስ አዝማሪው ሹፌሩን አስቁሞ ሁላችንንም ፉል ጋበዘን። በ5 ሰዓት ማታ ፉል። ማንም ስለ ጋሼ ታሪክ አልነገረውም፣ እምላለሁ።

እኔም 866 አይደለም፣ ትናንት 1,010 ብር ደርሶኛል። ድራፍት ውስጥ የገባ ኳስ የለም።

የቀበሌው_ኪነት
ዓርብ፣ ከሰዓት 6፡10

አሁን ከበሮ ስጡት።

ቁጥር_አይዋሽም
ዓርብ፣ ከሰዓት 6፡40

ዘመዶቹስ ከፈሉ?

ደረጃ_ወራጅ
ዓርብ፣ ከሰዓት 7፡00

አሥራ ሁለት ሆነው መጡ።

ሌላ ወሬ አለኝ፣ ደስ የማይል። የሕንፃው ባለቤት ከፋሲካ በኋላ ቦታውን ለመጋዘን ሊያከራየው ነው። መድኃኒት ወይ የሳኒቴሪ ዕቃ ነው የሚያስገቡበት። የተሻለ ብር ይከፍላሉ፣ አልፈርድበትም። ሑዳዴ ስለሆነ ለሁለት ወር ያህል አንሠራም። እስከዚያ ቦታ የምታውቁ ጠቁሙኝ። 50 ሰው የሚይዝ፣ ለታክሲ የሚቀርብ፣ ጎረቤት የማይከስ። ደረጃ ባይኖረው ደግሞ ጋሼን እናመጣለን።

መሐል_ሰፋሪ
ዓርብ፣ ማታ 12፡30

አጎቴ ሃያ ሁለት አካባቢ ጋራዥ ነበረው። አሁን ተዘግቷል፣ ባዶ ነው። ዘይት ዘይት ይሸታል፣ ግን ሰፊ ነው፣ መሬት ላይ ነው። ልጠይቀው?

ሦስት_ኳስ
ዓርብ፣ ማታ 12፡31

ጣሪያው ስንት ሜትር ነው?